ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ የቤተ ሰብ አባትና የአገር አገልጋይ

ሰው ከዚህ ዓለም ሲለይ ሀብቱ ለወራሾቹ፥ ሥጋው ለመሬት ይቀራል፤ በጎ ሥራው ግን ለትውልድ ሁሉ ይተርፋል። ስለዚህ ከእኛ በፊት የነበሩትን ታላላቅ ሰዎች ታሪክ መመርመር የሚያስፈልገው የሞተውን ለማመስገን ብቻ ሳይሆን፥ በሕይወት ያለነው እንዴት መኖር እንደሚገባን ለማወቅም ጭምር ነው። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ አሳብ ነው።

ውድ አንባብያን፥ ከብዙዎቹ የአገራችን ታላላቅ ሰዎች መካከል እኒህን ለምን እንደ መረጥሁ አስቀድሜ ልናገር። አባቴ ነርስ ናቸው። እኛ እዚሁ ልደታ እንኖራለን፤ እርሳቸው ግን ብዙውን ሌሊት የሚያድሩት ከበሽተኞች ጋር ነው። የተራ ነገር ሆኖ ባለፉት ሁለት ዓመታት የፋሲካን ሌሊት ከቤት ውጭ አሳለፉት። ጾም ሲፈታ እናቴ የአባቴን ድርሻ ከድስቱ ለይታ ስታስቀምጥ፥ ታናሽ እኅቴም በር በሩን ስታይ ተመልክቼ በልቤ አዘንሁ፤ ከእኛ ይልቅ በሽተኞቹን ይወዳሉ ብዬም ለእናቴ ተናገርሁ። እናቴም ነገሩን ከራሳቸው እንድጠይቅ ነገረችኝ እንጂ አልመለሰችልኝም።

እኔ ግን ለመጠየቅ አልደፈርሁም። በዚህ መካከል የታሪክ አስተማሪያችን እያንዳንዳችን ለአገር የሠራ የአንድ ሰው ታሪክ መርምረን እንድናቀርብ አዘዙን። እኔም የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ማን እንደ ነበሩ ስፈልግ ሐኪም ወርቅነህን አገኘሁ። ታሪካቸውን ባነበብሁ መጠን፥ በልቤ የነበረው ጥያቄ በእርሳቸው ሕይወት ውስጥ ከእኔ ቤት እጅግ በከበደ መልኩ ቀርቦ አየሁት። ይኸውም ለሕዝብ የሚያገለግል ሰው ለቤተ ሰቡ ምን ይተርፈዋል? የሚለው ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ የፈረንጅ የሆኑትን ለይቼ አመለክታለሁ።)

ሐኪም ወርቅነህ በ1850ዎቹ ዓመታት መካከል ከጎንደር ቤተ ሰብ ተወለዱ። ዘመኑ የዓፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ ፍጻሜው የተቃረበበት ነበር። እንደሚታወቀው ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዝን ሰዎች አስረው በመያዛቸው ምክንያት፥ የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ እስከ መቅደላ ድረስ ዘመተ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። ከዚህም በኋላ ምሽጉ ተቃጠለ፥ በአምባው ላይ የነበረውም ሕዝብ ተበታተነ። በዚያ ሁከት መካከል የሦስት ዓመት ገደማ የሆነ አንድ ሕፃን ከእናት ከአባቱ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ይህ ሕፃን ወርቅነህ ነበር።

ሕፃኑን ያገኘው ኮሎኔል ቻርልስ ቻምበርሊን የሚባል የእንግሊዝ መኰንን አዝኖለት ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ይህ ሰው ሞተ፤ ሕፃኑም ሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ። ሆኖም ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ስለ ቻለለት፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ሊማር ቻለ። ከሁለቱ ባለ ውለታዎችም ስም ተውጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ወርቅነህ የሚለውን ስም የሚያውቅ በአጠገቡ አንድም ሰው አልነበረም፤ የእናቱን ቋንቋም ፈጽሞ ረሳ።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምሳችን ቀርቦ ይጠብቀናል፤ የደብተር መግዣ ብናጣ እናትና አባታችንን እንጠይቃለን። ያ ልጅ ግን በሰው አገር፥ በሰው ስም፥ በሰው ቸርነት አደገ። ይሁን እንጂ በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረ በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 የሐኪምነት ማዕርግ አገኘ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ዛሬ 12ኛ ክፍል ካለነው ከእኛ ዕድሜ ብዙ አይበልጥም ነበር። ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን ካሻሻለ በኋላ፥ በእንግሊዝ ግዛት ሥር በነበረችው በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ።

ከዚህ በኋላ ለዶክተር ማርቲን የጐደለባቸው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ደመወዝ፥ ክብር፥ ቤት ሁሉ ነበራቸው። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዓድዋ ያገኘችው ድል በዓለም ሁሉ ሲሰማ፥ እርሳቸውም ባሉበት በሩቅ ምሥራቅ ሆነው ሰሙ። የተወለዱባት አገር ትዝ አለቻቸው። ከዚያም ፈቃድ ተቀብለው፥ ባሕር ተሻግረው፥ በዘይላና በሐረር በኩል አዲስ አበባ ገቡ። ይህም የሆነው ከመቅደላ ከተለዩ ከ30 ዓመት በኋላ ነው።

አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ አማርኛ አያውቁም ነበር፤ በአለባበሳቸውም ፈረንጅ ይመስሉ ነበር። ድንኳን ተክለው በሽተኞችን ማከም ጀመሩ። ኢትዮጵያዊ የሆነ ሐኪም መጣ ተብሎ ወሬው በከተማው ተሰማ፤ ዓፄ ምኒልክም ዘንድ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ከመቅደላ የጠፋውን የልጅ ልጃቸውን ሲያስቡ የኖሩ አንዲት አያት ቀርበው በሰውነታቸው ላይ የነበረውን የልጅነት ጠባሳ አይተው ለዩአቸው። የአባታቸው ስም እሸቴ፥ የራሳቸውም ስም ወርቅነህ መሆኑን የተረዱት በዚያን ቀን ነው። አንድ የ35 ዓመት ገደማ ሰው፥ የተማረና የተከበረ ሐኪም፥ ስሙን እንደ ሕፃን ከአያቱ አፍ ሲሰማ ምን ተሰምቶት ይሆን? ይህን ክፍል ለአያቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ፥ እርሳቸው ስለ ሐኪሙ ሳይሆን ስለ አሮጊቷ አለቀሱ።

ሐኪም ወርቅነህ ግን የበርማው ሥራቸው ገና ስላልተፈጸመ መመለስ ግድ ሆነባቸው። ዓፄ ምኒልክ በታመሙበት ዘመን እንደገና ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት እየሠሩ ንጉሠ ነገሥቱን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። በዚሁ ጊዜም ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ትዳር መሠረቱ፤ ብዙ ልጆችም ወለዱ። ልጅ ሳሉ ቤተ ሰብ ያልነበራቸው ሰው፥ ጎልማሳ ሲሆኑ ቤታቸው በልጆች ድምፅ ተሞላ። ልጆቻቸውንም በትምህርት ለማሳደግ እጅግ ይተጉ ነበር። ትምህርት ከወደቁበት ያነሣቸው ብቸኛ ነገር እንደ ሆነ ያውቁ ነበርና ከልጆቻቸው መካከል እስከ እንግሊዝ አገር ድረስ ልከው ያስተማሩአቸው አሉ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 ከበርማው አገልግሎት በጡረታ ተሰናብተው ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ዕድሜአቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጡረታውን እየበላ በዕረፍት ሊኖር በቻለ ነበር። እርሳቸው ግን እውነተኛውን ሥራ የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው ለማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ የውጭ አገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን ሲካሰሱ ነገራቸውን በሚመለከተው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ልደታ የምንኖር ሰዎች ጧት ጧት በፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቆመውን ባለ ጉዳይ እናያለንና፥ የዳኛ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ለመገመት አያስቸግረንም። የዚያ ፍርድ ቤት ሸክም ደግሞ እጥፍ ነበር፤ የኢትዮጵያን ሕግና ልማድ፥ የፈረንጆችንም አሠራር የሚያውቅ ሰው ያስፈልገው ነበርና።

ቀጥሎም ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። በዚያን ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአገራችን በጣት የሚቈጠር ነበር፤ የውጭ ትምህርት ልጅን ከሃይማኖቱና ከባህሉ ያወጣዋል ብለው የሚፈሩ ወላጆችም ብዙዎች ነበሩ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ተማሪዎች በኋላ በመንግሥት ሥራ ሁሉ ታላቅ ቦታ ያዙ። ትምህርት ቤቱም ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ስሙ ተለውጦ እንጦጦ ተብሏል። ሐኪም ወርቅነህ ከዚህም ሌላ፥ የኢትዮጵያ ልጅ ዓለምን በገዛ ቋንቋው ያውቅ ዘንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። አማርኛን እንደገና በጎልማሳነታቸው የተማሩ ሰው ይህን መሥራታቸው ያስደንቃል።

በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ተልከው ወደ አሜሪካ ሄዱ። የተላኩበትም ጉዳይ በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ግድብ ስለ መሥራት ከአንድ የአሜሪካ የምህንድስና ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ነበር። ያ ግድብ በዚያን ጊዜ ሳይሠራ ቀረ፤ ነገር ግን የዓባይን ውሃ ለልማት የማዋል አሳብ ምን ያህል የቆየ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን። በዚያው ጉዞአቸው በኒውዮርክ ሃርለም የሚኖሩትን ጥቁር አሜሪካውያን ጐብኝተው፥ የእጅ ሙያና ትምህርት ያላቸው ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ።

በዚያ ዘመን ልባቸውን ከያዙት ነገሮች አንዱ የባርያ ንግድ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ ቃሉን በሥራ መግለጥ ግን ቀላል አልሆነም። ሐኪም ወርቅነህ ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች ትምህርትና ሙያ እንዲያገኙ ብዙ ደከሙ። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ከእናቱ እቅፍ ተነጥሎ በሰው እጅ የወደቀ ሕፃን ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ለእርሳቸው መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም።

በ1920ዎቹ ዓመታት የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ የአዛዥነትም ማዕርግ ነበራቸው። መቀመጫዋ አስበ ተፈሪ፥ ዛሬ ጭሮ የምትባለው ከተማ ነበረች። ጨርጨር ለሌሎቹ ግዛቶች ምሳሌ እንድትሆን የታሰበች አውራጃ ስለ ነበረች፥ መንገድ በማውጣት፥ የግብሩን አሠራር በማስተካከልና ባርነትን በማስቀረት በዘመናዊ ደንብ ለማስተዳደር ጣሩ።

እነሆ እስከዚህ ድረስ የደስታ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ያሳዝናል። በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር በምትዘጋጅበት ጊዜ፥ ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። 70 ዓመት ገደማ ሆኖአቸው ነበር። በመርዝ ጋዝ ስለሚቃጠለው ሕዝባቸው ለእንግሊዝ መንግሥትና ሕዝብ አቤት አሉ፤ ለቁስለኞች ርዳታ ለመሰብሰብም ደከሙ። ቃላቸውን የሰማና ያዘነ ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ኢትዮጵያን ለማዳን የቆመ መንግሥት ግን አልተገኘም።

ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። አገራቸው በጠላት ስትያዝ ሁለቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው፥ በምዕራብ ኢትዮጵያ በተቋቋመው በጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር ገቡ። ይህ ማኅበር የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖች የመሠረቱት ሲሆን፥ መሪውም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አጠገብ ቦነያ በተባለ ስፍራ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች ያቃጠለው ይህ ማኅበር ነው። ኋላም ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተባብሮ ሲዋጋ ቆይቶ፥ በ1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጠላት ስለ ተከበበ እጅ ለመስጠት ተገደደ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ ሲጨርሱ፥ የተማሩትን ወጣቶች እየለዩ ገደሉ። ብንያምና ዮሴፍም በዚህ ጊዜ ተገደሉ።

አባታቸው በሰው አገር ነበሩ። የልጅነታቸው ዕጣ በሽምግልናቸው ተመልሶ መጣባቸው፤ መጀመሪያ በጦርነት ምክንያት እናትና አባታቸውን አጡ፥ በመጨረሻም በጦርነት ምክንያት ልጆቻቸውን አጡ። የስደቱንም ዘመን ባደጉባት በህንድ አገር አሳለፉ። አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ግን እንደገና ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 ነው። በዘመናቸው ሁሉ የዕለት ማስታወሻቸውን የመጻፍ ልማድ ስለ ነበራቸው ታሪካቸው ሳይጠፋ ለእኛ ሊደርስ ቻለ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ አንድ ነገር አላስተኛኝ አለ። ሐኪም ወርቅነህ በበርማ ቢቀሩ ኖሮ፥ ወይም ልጆቻቸውን ስለ ራሳችሁ ብቻ አስቡ ብለው ቢያሳድጉአቸው ኖሮ፥ ብንያምና ዮሴፍ በሕይወት በኖሩ ነበር። እንግዲህ እኒህ ሰው ለቤተ ሰባቸው ጥሩ አባት ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ይህን ጥያቄ ይዤ አንድ ቀን ማታ አባቴ ወደ ሥራ ሲሄዱ አብሬአቸው ወጣሁ። ከልደታ በተግባረ እድ በኩል አድርገን፥ ሜክሲኮን አልፈን፥ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚወስደው ዳገት ላይ ስንደርስ ጥያቄዬን አቀረብሁ። ያ ሆስፒታል ብንያምና ዮሴፍ ከነበሩበት ማኅበር ጋር አንድ ስም ያለው መሆኑን ልብ ያልሁት በዚያን ሰዓት ነበር፤ ስንት ጊዜ በበሩ እንዳለፍሁ ግን አላውቅም።

አባቴ ወዲያው አልመለሱልኝም። ጥቂት ከሄድን በኋላ፥ ጥያቄው ስለ ሐኪም ወርቅነህ ብቻ እንዳልሆነ እንደ ገባቸው ነገሩኝ። ከዚያም ታናሽ እኅቴ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች የሳምባ ምች ይዟት የተኛችበትን ሌሊት አስታወሱኝ። የበዓል ሌሊት ነበረ። እስኪነጋ ከአጠገቧ ሳትርቅ ያስታመመቻት ነርስ ሦስት ልጆች ነበሯት፤ እነርሱም በዚያች ሌሊት እናታቸውን ቤት ሆነው ይጠብቁ ነበር። አባቴ የዚያችን ሴት ውለታ ለእርሷ ለመክፈል ስላልቻሉ ለሌላ ሰው ልጅ እንደሚከፍሉ ነገሩኝ። ቢሆንም የፋሲካ ሌሊት በመጣ ቁጥር ልባቸው ቤት እንደሚያድር፥ ይህንንም ለእኛ አለመንገራቸው ስሕተት እንደ ነበረ አልሸሸጉኝም።

እኔ እስከዚያች ማታ ድረስ የቤተ ሰብ ፍቅርና የሕዝብ አገልግሎት እንደ ሚዛን ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አንዱ ሲከብድ ሌላው ይቀላል ብዬ አስብ ነበር። አሁን ግን የሐኪም ወርቅነህን ሕይወት ስመለከት የሁለቱ ምንጭ አንድ ሆኖ ይታየኛል። እርሳቸውን ሕፃን ሳሉ ያዳናቸው የሌላ ሰው ርኅራኄ ነው፤ ያንኑ ርኅራኄ ለልጆቻቸው፥ ለተማሪዎቻቸው፥ ለበሽተኞቻቸውና ነፃ ለወጡት ልጆች አካፈሉ። ዋጋው ግን ቀላል ነበር አልልም። ለሁለት ልጆቹ ሞት መጽናኛ የሚሆን ቃል ለአባት ማን ሊያገኝለት ይችላል? ቀላል ነበር ብንል ያገለገሉትን ሰው እናቃልላለን እንጂ አናከብራቸውም።

የተማሪ ጓደኞቼ ሆይ! በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንለያያለን። ከመካከላችን ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሕክምና ለመማር እመኛለሁ፥ ዕድሉ የሚገኝበትንም አገር አላውቀውም። መሄድ ነውር አይደለም፤ ሐኪም ወርቅነህም ከሰው አገር ዕውቀት ባያገኙ ኖሮ ለአገራቸው የሚሰጡት ባልነበራቸው። ነገር ግን እርሳቸው ስማቸውንና ቋንቋቸውን እንኳ ረስተው ሳለ ከተመለሱ፥ ስማችንንም ቋንቋችንንም የምናውቅ እኛ አገራችንን ብንረሳ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

ወላጆቻችንም፥ በተለይ ሌሊት በሥራ የምታድሩ፥ በሩቅ አገር ሆናችሁ የምታሳድጉን፥ ስለ ሌላው ስትደክሙ ቤታችሁ የምትናፍቁ ሁሉ፥ ልጆቻችሁ ሁልጊዜ ባንናገረውም ድካማችሁን እናያለን። የሆነ ሆኖ የምትደክሙበትን ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ንገሩን፤ ስናውቀው ይቀለናል።

በሚመጣው ፋሲካ አባቴ ተራቸው ከሆነ፥ ድርሻቸውን በሳህን ይዤ ከታናሽ እኅቴ ጋር እስከ ሥራ ቦታቸው በር ድረስ ለማድረስ ከእናቴ ጋር ተስማምተናል።